ከአዲስ አበባ እስከ ቢሾፍቱ፤ ስለ ፈጣን አነዳድና ስለ አሥራ ሁለት ደቂቃ

ለአዲስ አበባ ሰው የዕረፍት ቀን ጎረቤቱ ቢሾፍቱ ናት። ከዋናው ከተማ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ በሐይቆች መካከል ተቀምጣ፥ ከሥራ የደከመውን ሹም፥ ከቤት መዋል የሰለቻትን እመቤት፥ ከትምህርት የተፈታውን ልጅ ሁሉ ትቀበላለች። በቀድሞ ዘመን ወደዚያ የሚሄድ ሰው ስንቁን አስይዞ፥ በቅሎውን አስጭኖ፥ በመንገድ ያድር ነበር። ዛሬ ግን ጧት ቁርሱን በቤቱ በልቶ የሚነሣ ሰው ቡናውን በሐይቁ ዳር ይጠጣል። ይህ የዘመን በረከት ነው፤ እኛም አንነቅፈውም። ዳሩ ግን በረከት ሁሉ ልክ አለው። ልኩን ያለፈ እንደ ሆነ ወደ ምን እንደሚለወጥ ባለፈው የጥቅምት ወር በዚሁ መንገድ ላይ በዓይናችን ስላየን፥ ያየነውንና የተማርነውን ለአንባቢዎቻችን ቤተ ሰቦች ልናካፍል ወደድን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዕለቱ እሑድ ነበር። ዕድሜያቸው ከሰማንያ ዓመት ያለፈው እናታችን በቢሾፍቱ የሚኖሩትን ዘመዳቸውን ሊጠይቁ ስለ ፈለጉ፥ የእኅታችን ልጅ በቅርቡ በገዛው አውቶሞቢል እንሄድ ዘንድ ተስማማን። ልጁ የሃያ ስድስት ዓመት ጎልማሳ ነው፤ ትምህርቱን የጨረሰ፥ ሥራውን የሚወድ፥ አያቱን የሚያከብር ነው። ይህን አስቀድመን የምንጽፈው አንባቢ ስለ አንድ ክፉ ሰው የምንናገር እንዳይመስለው ብለን ነው። አፍጥኖ የሚነዳ ሁሉ ክፉ ሰው አይደለም፤ ነገሩንም አስቸጋሪ የሚያደርገው ይኸው ነው።

ከ2007 ዓ.ም. መስከረም ወር ጀምሮ አዲስ አበባንና አዳማን የሚያገናኝ ባለ ስድስት መሥመር የፍጥነት መንገድ አለ። ርዝመቱ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፥ ግራና ቀኙ የታጠረ ስለ ሆነ እግረኛና ከብት እንዲገባበት አልተፈቀደም። እናታችን ግን «አገሩን እያየሁ ልሂድ» ስላሉ፥ በአሮጌው መንገድ በአቃቂ በኩል ወጣን። ይህ አሮጌ መንገድ አቃቂን፥ ዱከምን፥ ቢሾፍቱን፥ ሞጆንና አዳማን እንደ ዶቃ በአንድ ክር ሰክቶ የሚሄድ ነው። በላዩ የማይታይ ፍጥረት የለም። ተሳቢ ያስከተለ የጭነት መኪና፥ ሰው የሞላበት አውቶቡስ፥ ባጃጅ፥ የፈረስ ጋሪ፥ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለስ ነጭ ለባሽ፥ ዶሮውን አንጠልጥሎ ወደ ገበያ የሚሄድ ባላገር፥ ከብቱን የሚነዳ እረኛ ሁሉም በዚሁ በአንዱ መንገድ ይተላለፋሉ።

የየረርን ተራራ በግራ፥ የዝቋላን ተራራ በቀኝ እያየን እንሄድ ጀመር። የአዳ ጤፍ ገና አረንጓዴነቱን አልጨረሰም ነበር፤ ነፋስ ሲመታው እንደ ውኃ ይናወጣል። እናታችን ወደ ዝቋላ ዞረው አማተቡ። በልጅነታቸው ለአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ክብረ በዓል ከእናታቸው ጋር ወደ ተራራው በእግር መውጣታቸውን፥ ጫማ ያልነበረው ሰው ሁሉ እየዘመረ መሄዱን ነገሩን። «ያን ጊዜ መንገዱ የእግረኛ ነበር፤ የሚያልፈን ቢኖር በቅሎ ነው፤ በቅሎም ሰው ስታይ ትቆማለች» አሉ። የእኅታችንም ልጅ ሣቀና «እማማ፥ ይህችም ትቆማለች» ብሎ የአውቶሞቢሉን መሪ በእጁ መታ መታ አደረገ።

ከዚያም መንገዱ ጥቂት ቢገለጥለት እግሩን በነዳጁ መስጫ ላይ አጠበቀ። የፍጥነት መለኪያው ቀስት ከ60 ወደ 80፥ ከ80 ወደ 100 ወጣ። እኛ ከጎኑ ተቀምጠን ቀስቱን እናይ ነበር፤ ግን ዝም አልን። ለምን ዝም አላችሁ የሚለን ቢኖር ሦስት ምክንያት እንሰጠዋለን። አንደኛ፥ አውቶሞቢሉ የእርሱ ስለ ሆነ፥ በሰው ንብረት ማዘዝ ይሉኝታ ያዘን። ሁለተኛ፥ ፈሪ እንዳንባል ፈራን። ሦስተኛው ለመጻፍ የሚያሳፍር ነው፤ ይኸውም ፍጥነቱ ደስ አለን። ዛፉና ቤቱ ወደ ኋላ ሲሸሽ፥ ነፋሱ በመስኮቱ ሲያፏጭ፥ የአርባ ዓመት ሰውነታችን እንደ ልጅነት ቀሎ ተሰማን። የአደጋው መጀመሪያ ያ ደስታ እንደ ሆነ ያወቅነው በኋላ ነው።

ዱከምን ካለፍን በኋላ አንድ ተሳቢ ያለው የጭነት መኪና ከፊታችን ገጠመን። ልጁ ሊቀድመው ወደ ግራ ወጣ። ወዲያው ከፊት ለፊት ሌላ መኪና መብራቱን እያበራ መጣ። ልጁ ጨርሶ ቀድሞ ወደ ቀኝ ሲመለስ፥ በመንገዱ ጠርዝ ሁለት አህዮች የሚነዳ የአሥር ወይም የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ አየን። ፍሬኑ ተረገጠ፤ ጎማው ጮኸ፤ አውቶሞቢሉም ወደ ጎን ተንሸራተተ። የቆምነው ከኋለኛይቱ አህያ ሁለት ክንድ ያህል ርቀን ነበር። አልነካናትም። ነገር ግን አህያይቱ ደንብራ ወደ ቦዩ ዘለለች፤ ጭነቷም ወደቀ፤ ጆንያው ተቀደደ፤ ወደ ወፍጮ ቤት ይሄድ የነበረውም ስንዴ በአስፋልቱ ላይ ፈሰሰ።

ሕፃኑ አላለቀሰም፤ አልተሳደበምም። አስቀድሞ አህዮቹን አየ፤ ቀጥሎ ስንዴውን አየ፤ በመጨረሻ እኛን አየ። እናታችን የመኪናውን በር ራሳቸው ከፍተው ወረዱና «የማን ልጅ ነህ?» ብለው ጠየቁት። እርሱም በኦሮምኛ የአባቱን ስም ነገራቸው። እሳቸውም ቋንቋውን ስለሚያውቁ ትከሻውንና ክንዱን እየዳሰሱ አንድ ነገር እንዳላገኘው መረመሩ። ከዚያም ነጠላቸውን በወገባቸው አስረው ተንበረከኩና ስንዴውን በእፍኛቸው መልቀም ጀመሩ። እኛና የእኅታችን ልጅም ተንበረከክን። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ የሚለውን ተረት ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ኖረናል፤ በመንገድ ዳር በጉልበታችን ሆነን ስንፈጽመው ግን ያ ቀን የመጀመሪያችን ነበር።

ጆንያውን በገመድ ሰፍተን፥ ጭነቱን በአህያይቱ ላይ መልሰን፥ ለጠፋው ስንዴ ዋጋውን ከሰጠን በኋላ፥ እናታችን ለልጅ ልጃቸው አንድ ጥያቄ ብቻ አቀረቡለት። «ልጄ፥ ወዴት ልትደርስ ነበር?» አሉት። እርሱም «ሰዎቹ ይጠብቁናል፥ እማማ» አለ። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። እሳቸውም ሌላ አልተናገሩም።

ወደ ከተማው ስንቃረብ እናታችን ዝምታቸውን ሰብረው የ1949 ዓ.ም. ግንቦትን ወር አነሡ። ያን ጊዜ ልጅ ነበሩ፤ ነገር ግን ታላላቆቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፥ ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ሲያለቅሱ ያዩት አልተረሳቸውም። አንባቢዎቻችን እንደሚያውቁት፥ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ወንድ ልጅ የነበሩት ልዑል መኮንን፥ መስፍነ ሐረር፥ ግንቦት 5 ቀን 1949 ዓ.ም. በዚሁ በቢሾፍቱ አቅራቢያ በደረሰ የአውቶሞቢል አደጋ ዐረፉ። የተወለዱት ጥቅምት 6 ቀን 1917 ዓ.ም. ስለ ነበረ ዕድሜያቸው ገና 32 ዓመት ነበር። ባለቤታቸው ልዕልት ሣራ ግዛው ከአምስት ወንዶች ልጆች ጋር ቀሩ። አስከሬናቸውም በአዲስ አበባ በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ዐረፈ። ብዙ ጦርነትና ስደት ያለፈ ቤተ መንግሥት፥ አንድ ልጁን በሰላም ዘመን በአገሩ መንገድ ላይ አጣ።

ይህም ሐዘን የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። የቤልጅግ ንግሥት አስትሪድ በነሐሴ ወር 1927 ዓ.ም. በስዊስ አገር፥ ባለቤታቸው ንጉሥ ሌዎፖልድ በሚነዱት አውቶሞቢል ሲሄዱ፥ መኪናው ከመንገዱ ወጥቶ በ29 ዓመታቸው ሞቱ። የኢራቅ ንጉሥ ጋዚም በመጋቢት ወር 1931 ዓ.ም. በባግዳድ ከተማ የሚነዱት የእሽቅድምድም ዐይነት መኪና ከመብራት ምሰሶ ጋር ተጋጭቶ በ27 ዓመታቸው ዐረፉ። መንገድ ማዕረግ አያውቅም። ዘበኛና አጃቢ ከጠላት ሊጠብቅ ይችላል፤ ከድንጋይና ከምሰሶ ግን የሚያስጥል አጃቢ የለም።

ሲጀመርም መኪና ብርቅ በነበረበት ዘመን እንኳ ይህ ነገር ነበረ። አባቶቻችን በዓድዋ ድል ባደረጉበት በዚያው በ1888 ዓ.ም.፥ በነሐሴ ወር፥ ብሪጅት ድሪስኮል የምትባል ሴት በሎንዶን ከተማ በእግሯ ስትሄድ አውቶሞቢል ገጭቶ ገደላት። ወደ አገራችን የመጀመሪያው አውቶሞቢል የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌ የሚባል እንግሊዛዊ አምጥቶ ለዳግማዊ ምኒልክ አቀረበው፤ እሳቸውም አዲስ ነገር ሁሉ ይወዱ ስለ ነበረ ተቀምጠው ሞከሩት። ያን ጊዜ የሚያልፍበት መንገድ እንጂ የሚፈራው ፍጥነት አልነበረም።

ከቀኑ በአራት ሰዓት ቢሾፍቱ ገባን። ከተማይቱ ለብዙ ዓመታት ደብረ ዘይት ትባል ነበር፤ ዛሬ ግን የጥንት ስሟ ተመልሶላታል። በኦሮምኛ ቢሻን ማለት ውኃ ነውና ስሟ ከውኃዋ የመጣ ነው ይላሉ። የቢሾፍቱ ሐይቅ፥ ሖራ አርሰዲ፥ ባቦጋያ፥ ኩሪፍቱ እያሉ የሚጠሯቸው ሐይቆች በከተማዋ ዙሪያ ይገኛሉ። ከእነዚህም የሚበዙት ከምድር በታች የነበረ እሳት ከውኃ ጋር ተገናኝቶ በፈነዳ ጊዜ በተቈፈረው ጉድጓድ ውስጥ የተጠራቀሙ ናቸው። ስለዚህም ዳርቻቸው እንደ ጋን ከንፈር ከፍ ያለ፥ ውስጣቸው ጥልቅ ነው። በሖራ አርሰዲ በየዓመቱ ከመስቀል በዓል ቀጥሎ ባለው እሑድ የኢሬቻ በዓል ይከበራል፤ ያን ጊዜ መንገዱን ሁሉ እርጥብ ሣርና አበባ የያዘ ሕዝብ ይሞላዋል።

የእናታችን ዘመድ ቤት ስንደርስ ቡናው ገና አልተቈላም ነበር። ቤተኞቹ ከቅዳሴ መመለሳቸው ነበርና «ቀደማችሁ፥ ግቡ፥ ተቀመጡ» አሉን። ሐይቁ በሚታይበት በረንዳ ላይ ተቀምጠን አንድ ሰዓት ያህል ጠበቅን። እኛ በቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት ደግመናል፤ በኋላም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሒሳብ ተምረናል። ስለዚህ ዳዊታችን በልባችን ሲያመሰግን፥ ሒሳባችን ደግሞ ይቈጥር ጀመር። ከቃሊቲ እስከ ቢሾፍቱ ያለው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው በ30 ደቂቃ ይደርሳል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ በ18 ደቂቃ ይደርሳል። ልዩነቱ 12 ደቂቃ ነው። እንግዲህ ያን ሕፃን፥ አህዮቹን፥ እናታችንን፥ የእኅታችንን ልጅና ራሳችንን ሁሉ አስይዘን ልንገዛው የወጣነው ዕቃ አሥራ ሁለት ደቂቃ ነበር። ያንንም ባናገኘው ኖሮ የምናጣው ነገር አልነበረም፤ ምክንያቱም ቡናው አልተቈላም።

የፍጥነትን ጕዳት ብዙ ሰው የሚገምተው በትክክል አይደለም። ፍጥነት በእጥፍ ቢጨምር አደጋውም በእጥፍ የሚጨምር ይመስለዋል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ነጂ አደጋውን ካየ በኋላ እግሩ ፍሬኑን እስኪረግጥ አንድ ሴኮንድ ያህል ያልፋል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በዚያች አንድ ሴኮንድ 14 ሜትር ይሄዳል፤ ከዚያም ደረቅና መልካም በሆነ አስፋልት ላይ ለመቆም ሌላ 14 ሜትር ያህል ይፈልጋል፤ በጠቅላላው 28 ሜትር ይሆናል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄደው ግን በመጀመሪያይቱ ሴኮንድ ብቻ 28 ሜትር ይሄዳል። እንግዲህ በ50 የሚሄደው ፈጽሞ በቆመበት ቦታ ላይ፥ በ100 የሚሄደው ገና ፍሬኑን አልነካም ማለት ነው። ከዚያም በኋላ 55 ሜትር ያህል ይቀረዋል፤ በዝናብ ጊዜ ደግሞ ከዚህ እጅግ ይረዝማል። የመምታት ኃይል የሚያድገው በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን ፍጥነቱ በራሱ ተባዝቶ ነውና፥ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል።

ለልጆች ለማስረዳት የሚቀለው ግን ይህ ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ከግንብ ጋር የተጋጨ ሰው ከ10 ሜትር ከፍታ እንደ ወደቀ ይቈጠራል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የተጋጨ ግን 40 ሜትር ከሚያህል ገደል እንደ ወደቀ ነው። በዚያ በረንዳ ላይ ሆነን ወደ ሐይቁ ገደል ቍልቍል ስናይ፥ ከእኛ መካከል ወደ ጠርዙ አንድ እርምጃ የቀረበ አልነበረም። የእኅታችንም ልጅ አያቱ ወደ ጠርዙ ሲጠጉ ሮጦ ክንዳቸውን ያዘ። ከአንድ ሰዓት በፊት ግን ሁላችንን ከዚያ በሚበልጥ ገደል አፋፍ ላይ አስቀምጦን ነበር። ገደሉ ስለማይታይ ብቻ አልፈራነውም።

በእግሩ ለሚሄድ ሰው ነገሩ ከዚህ ይብሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፥ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ከሚሄድ መኪና ይልቅ በ65 የሚሄድ መኪና የገጨው እግረኛ የመሞቱ ዕድል አራት ጊዜ ተኩል ይበልጣል። ልዩነቱ 15 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ይህም ነጂው እንኳ የማያስተውለው ጭማሪ ነው። ይኸው ድርጅት በአውሮፓ አቆጣጠር በ2021 ዓ.ም. በዓለም ሁሉ አንድ ሚሊዮን 190 ሺሕ ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ እንደ ሞቱ አስታውቋል። ከመቶው 92 የሚሆኑት የሞቱት ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆነ አገሮች ነው፤ ከዓለም ተሽከርካሪ ግን እነዚህ አገሮች የያዙት ከመቶ 60 ያህሉን ብቻ ነው። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት የሆኑትን ልጆችና ወጣቶች ከማናቸውም በሽታ ይልቅ የሚገድላቸው ይኸው ነው።

እኛ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት የምናገለግል ስለ ሆነ፥ የዚህን ነገር ሁለተኛ ገጽ በየጊዜው በእጃችን እንጽፈዋለን። ስም ሳንጠራ አንዱን እንናገር። አንድ ሰው ወደ ሰርግ ሲሄድ ጧት በመንገድ ዳር የምትሄድ ሴት ገጭቶ ገደለ። ሰውየው የሚጠጣ አልነበረም፤ ከዚያ በፊትም በአንድ ነገር ተከሶ አያውቅም። ዳኛው «ለምን እንደዚያ ቸኰልህ?» ብለው ጠየቁት። ተከሳሹ ራሱን ደፍቶ ብዙ ጊዜ ዝም አለ። እኛም ብዕራችንን ይዘን መልሱን እንጠባበቅ ነበር። በመጨረሻ «ጌታዬ፥ አላስታውሰውም» አለ። የሟቿ ባል በአግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጦ ይሰማ ነበር። ሚስቱ የሞተችበት ምክንያት ገዳዩ እንኳ የማያስታውሰው ነገር መሆኑን ሲሰማ ነጠላውን በፊቱ ላይ ሸፈነ። እኛም «አላስታውሰውም» ብለን በመዝገቡ ጻፍን። ብዙ ቃል ጽፈናል፤ እንደዚያች ቃል የከበደን የለም።

ሕጉም ዝም አላለም። በሕገ ኦሪት ተዋጊ መሆኑን እያወቀ በሬውን ያልጠበቀ ሰው፥ በሬው ለገደለው ሰው ተጠያቂ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም በ2081ኛው አንቀጽ የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጕዳት ኀላፊ ነው ይላል፤ መኪናውን ይነዳ የነበረው ሌላ ሰው ቢሆንም እንኳ አይድንም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ደግሞ በ543ኛው አንቀጽ በቸልተኝነት ሰው መግደልን ይቀጣል። ጥፋተኛው ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎችን የገደለ እንደ ሆነ፥ ወይም በግልጽ የተቀመጠውን ደንብ ሆን ብሎ የተላለፈ እንደ ሆነ ቅጣቱ ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል፤ የገንዘብ መቀጮም አለበት። አሥራ ሁለት ደቂቃ ለማትረፍ የወጣ ሰው አሥራ አምስት ዓመት ሊከፍል ይችላል ማለት ነው። ይህም የሚቈጠረው የእርሱ ዕዳ ብቻ ነው፤ የሟቹን ቤት ዕዳ የሚቈጥር አንቀጽ ግን እስከ ዛሬ አልተጻፈም።

በመጽሐፈ ነገሥት የናሜሲ ልጅ ኢዩ ሰረገላውን እያስቸኰለ ወደ ኢይዝራኤል ሲገሰግስ፥ በግንብ ላይ የነበረው ጠባቂ ፊቱን ሳያይ ከአነዳዱ ብቻ እንዳወቀው ተጽፏል። ሰው በአነዳዱ እንደሚታወቅ የጥንት ሰዎችም አስተውለውታል። በቤቱ ትሑት፥ በሥራው ታጋሽ የሆነ ሰው መሪ ሲይዝ ሌላ ሰው የሚሆን ከሆነ፥ የቱ ነው እውነተኛው ብሎ ራሱን ይጠይቅ።

እንግዲህ በየቤታችን ምን እናድርግ? ሕግና ፖሊስ የሚሠሩት የየራሳቸው ሥራ አላቸው፤ የቤተ ሰብ ሥራ ግን ሌላ ነው። መጀመሪያ፥ ከነጂው ጎን የተቀመጠ ሰው ዝም አይበል። ይሉኝታ መልካም ጠባይ ነው፤ ነገር ግን በሰው ሕይወት ላይ ይሉኝታ የለም። «ልጄ፥ ቀስ በል» ማለት አዋቂነት እንጂ ፈሪነት አይደለም። ሁለተኛ፥ ቀጠሮ ያለው ሰው ቀድሞ ይነሣ፤ ቀድሞ መነሣት ያልቻለ ዘግይቶ ይድረስ፤ ባለ ቤቶቹም ዘግይቶ የደረሰውን እንግዳ በወቀሳ አይቀበሉት። ሦስተኛ፥ የመቀመጫውን ቀበቶ ሳያስር ማንም አይነሣ። ደረትንና ወገብን አንድ ላይ የሚይዘውን የዛሬውን ቀበቶ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1959 ዓ.ም. ያወጣው ኒልስ ቦህሊን የሚባል የስዊድን ኢንጂኔር ነው፤ ይሠራበት የነበረው የቮልቮ ኩባንያም ፋብሪካዎች ሁሉ ያለ ክፍያ እንዲሠሩበት ፈቅዷል። እነሆ ለሁሉ በነጻ የተሰጠውን ነገር የማናስረው ስለ ምንድን ነው? ሕፃንንም በፊተኛው ወንበር በጕልበት ላይ አስቀምጦ መሄድ ፍቅር አይደለም፤ በግጭት ጊዜ የእናት ክንድ ልጅን ሊይዝ አይችልም።

አራተኛውና ትልቁ ግን ይህ ነው። ከጕዞ የገባን ሰው «በስንት ሰዓት ደረሳችሁ?» ብለን መጠየቅን እንተው፤ ቶሎ የደረሰውንም አናመስግን። የእኅታችን ልጅ ፍጥነትን የተማረው ከመንጃ ፈቃድ ትምህርት ቤት አይደለም፤ ከእኛው ከአጎቶቹ ጨዋታ ነው። እኛ ራሳችን በማዕድ ላይ ተቀምጠን «ከአዳማ አዲስ አበባ በአርባ ደቂቃ ገባሁ» የሚለውን ሰው ስንት ጊዜ እያደነቅን ሰምተናል! ልጆች የሚያደምጡት ምክራችንን ሳይሆን አድናቆታችንን ነው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ለመመለስ ተነሣን። በዚያች ቀን የእኅታችን ልጅ ብዙ አልተናገረም። መኪናው ውስጥ ስንገባ ግን የአያቱን ቀበቶ ራሱ አሰረላቸውና «እማማ፥ ፈጥኜ እንደ ሆነ ንገሪኝ» አለ። ከዚያም ወደ እኛ ዞሮ «አጎቴ፥ አንተም» አለን። ጧት እንዲህ ብሎን ቢሆን ኖሮ አንናገርም ነበር፤ አሁን ግን «እሺ» አልን። የፍጥነቱ ቀስት ከ60 ሳያልፍ ሄድን። የጭነት መኪናዎች እየቀደሙን አለፉ፤ አንዳንዱም ጥሩንባ ነፋብን፤ ልጁ ግን አልተነሣሣም። ጧት ያላየነውን ብዙ ነገር አየን፤ በሽምብራው ማሳ ዳር የቆመውን ሽማግሌ፥ እንስራ የተሸከሙትን ሴቶች፥ ከየረር ጀርባ የቆመውን የምሽት ደመና አየን።

ከዱከም ወዲህ ወደዚያ ቦታ ስንደርስ ልጁ ከ60ም ዝቅ አደረገ። በአስፋልቱ ላይ የጎማው ጥቁር ምልክት እንደ ተጻፈ ነበር። በዳሩም ያልተለቀመ ጥቂት ስንዴ ቀርቶ ወፎች ይለቅሙት ነበር። እናታችን በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ «ያ ልጅ አሁን እቤቱ ገብቷል» አሉ። እኛም «አዎን፥ እማዬ፥ ገብቷል» ብለን መለስንላቸው። ሌላ ቃል አልተነጋገርንም፤ ይህችም ቃል በዚያ ቀን ከሰማናቸው ሁሉ የምትበልጥ ነበረች። በየቤታችሁ ወደ መንገድ የሚወጡትን ሁሉ፥ የሚነዱትንም በእግራቸው የሚሄዱትንም፥ ማታ «ገብተዋል» ለማለት ያብቃችሁ።